የአንደኛ «ለ» ሰሌዳ

መስከረም 28

ሚጣዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? «ስልክ ለምን አታነሺም? ምን አስቀየምኩሽ?» ብለሽ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፈሽልኛል። ምንም አላስቀየምሽኝም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንዴ «ስብሰባ ላይ ነኝ»፣ አንዴ «ኔትወርክ የለም» እያልኩ አምስት ሳምንት ሙሉ ሸነገልኩሽ። ዛሬ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ባዶ ስለሆነልኝ በሩን ዘግቼ እውነቱን ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ።

ክረምቱን ጉሮሮዬን ያመኝ የነበረው ብርድ አልነበረም፤ ዕጢ ነበር። በቀዶ ጥገና ወጥቷል፤ ክፉው ዓይነት አይደለም ተብሏል፤ ለሱ ተመስገን በይ። ግን ድምፄም አብሮት ሄዷል። ሐኪሙ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደብኝም። «በሹክሹክታ የምታወሪበት ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ግን አይመለስም» አለኝ። ቀድሜ ያልነገርኩሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው። መጥተሽ ብታለቅሺ በምን አፌ አባብልሻለሁ?

አሁን ወደ ጉዳዬ። ርእሰ መምህራችንን፣ እኛ ከኋላው «አቶ ይታሰብበታል» የምንለውን ሰውዬ፣ ታስታውሺዋለሽ። ጠራኝና «ዕቃ ግምጃ ቤት ብትሆኚ ታርፊያለሽ» አለኝ። ወረቀት አውጥቼ «አልደከመኝም» ብዬ ጻፍኩለት። «ልጆቹስ?» አለ። «የኔ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ሁለት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች ሴት ኳስና ጠመኔ እያደለች ትኑር? በመጨረሻ እንደ ልማዱ «ይታሰብበታል» አለ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ኮሚቴ መጥቶ ክፍሌን እስኪያይ ጊዜ ተሰጥቶኛል፤ እስከ ጥር።

ክፍሌ ግድግዳ ላይ በጣት የሚነካ ትልቅ ሰሌዳ አለ። በስጦታ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ የልጆቹን ሥዕል ስንለጥፍበት ነው የኖርነው። አንቺ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰሌዳ የሚሆኑ፣ ማንም በነፃ የሚከፍታቸው ጨዋታዎችና መልመጃዎች ከጓደኞችሽ ጋር ኢንተርኔት ላይ እንደምትሠሩ ነግረሽኝ ነበር። እኔም «ጎበዝ» ብዬሽ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ጆሮዬን ሰጥቼሻለሁ፤ እሱ እንኳ ደህና ነው። አርባ ሰባት ልጆች አሉኝ። ዓምና እዚሁ ግቢ ዜሮ ክፍል ሳሉ ሰልፍ ላይ ድምፄን ለምደውታል፤ አሁን ግን አፍ የሌላት አስተማሪ በምን ታስተምራቸው? አታልቅሺ፤ ሥሪልኝ።

እህትሽ


ጥቅምት 3

እትዬ፣

አታልቅሺ ያልሽበት መስመር የመጨረሻው ላይ ነው፤ እዛ እስክደርስ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ተናድጄብሻለሁም። ሰው ለገዛ እህቱ «ኔትወርክ የለም» ይላል? እኔ እኮ ያንን ምስኪን ኔትወርክ ስረግም ነው የከረምኩት።

ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ሥራ በዝቷል፣ አልሆነም። እስከዚያ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም።

ያዘዝሽኝን ጀምሬያለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ሥር ያለውን ሰማያዊ ጽሑፍ ስትነኪ ገጹ ይከፈታል። የፊደል መልመጃ አለበት፤ ልጆቹ ፊደሉን በጣታቸው እየጎተቱ ከሥዕሉ አጠገብ ወዳለው ሳጥን ይከታሉ፤ ልክ ከሆነ ሳጥኑ ይዘጋል፣ ካልሆነ ፊደሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማንም «ተሳስተሃል» አይላቸውም። ባቄላ እየቆጠሩ ማሰሮ ውስጥ የሚጨምሩበትም አለ። ሌላው ደግሞ እኔን ያሳሰበኝ ነገር ነው፤ ሳትናገሪ እንዴት ዝም ታሰኚያቸዋለሽ? ቅርንጫፍ ላይ የተኛች ወፍ ሠርቼልሻለሁ። ሰሌዳው ማይክሮፎን ስላለው ክፍሉን ይሰማል፤ ከጮሁ ወፏ ትነቃና በርራ ትሄዳለች። ልጆች ለእንስሳ ያዝናሉ አይደል? ወፏን ላለማስቀየም ዝም ይላሉ።

ሞክሪውና ሳታዝኚልኝ ንገሪኝ።

ሚጣ


ጥቅምት 20

ሚጣዬ፣

ሳታዝኚልኝ ንገሪኝ ስላልሽ እነግርሻለሁ። ወፍሽ አንዲት ደቂቃ አልተኛችም። ክንፏን ዘርግታ ስትበር ሲያዩ ክፍሉ በደስታ ፈነዳ። «ትብረር! እንደገና ትብረር!» እያሉ አርባ ሰባቱም በአንድ ትንፋሽ ጮኹ። የአንደኛ «ሀ»ው መምህር ጠመኔውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። «እሳት ተነሳ እንዴ?» አለኝ። በጣቴ ወፏን አሳየሁት። እሱም ቆሞ አየና «አንዴ ልጩህባት?» አለኝ። የልጅ አስተማሪ መቼም ልጅ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ እስካሁን ልጆች አታውቂም። ልጅ ሁሉን የሚያደርገው የሚወደው ነገር እንዲመጣለት ነው። የሚወዱትን ነገር የሚያመጣላቸው ጩኸት ሳይሆን ዝምታ መሆን አለበት።

ሌላም አለ። ፊደሎቹን ከላይ ሰቅለሻቸዋል። የኔ ልጆች ቁመታቸው እስከ ወገቤ ነው፤ አጭሯ ልጅ ለመድረስ ዘላ ዘላ ግንባሯን ከሰሌዳው አጋጨች። ሁሉንም ከግማሽ በታች አውርጂልኝ። ደግሞ «ዓሣ»ን በ«አ» ጽፈሽዋል፤ አንቺን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ አታሳፍሪኝ።

ባትጠይቂኝም አልደብቅሽም። አዎ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ከበደኝ። ከሌላ ቦታ ያገኘሁት ነፃ ጨዋታ ደግሞ በመሃል የጫማ ማስታወቂያ እያመጣ፣ ልጆቹ ከፊደል በፊት ማስታወቂያ የሚዘጋበትን ምልክት ተማሩ። ያንቺ ይህ የለበትም፤ ተባረኪ። አሁን ግን የጎደለኝ ድምፅ ነው። «ለ» የሚለውን ፊደል ነክተው «ለ» ሲባል መስማት አለባቸው። ካልሰሙ ፊደል ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

እህትሽ


ኅዳር 4

እትዬ፣

ልክ ነሽ፤ ልጅ አላውቅም። ገልብጬዋለሁ። አሁን ዛፉ ባዶ ነው። ክፍሉ ጸጥ ሲል አንዲት ወፍ ትመጣለች፤ ጸጥታው ሲቆይ ሌላዋ ትከተላታለች፤ ዛፉ እስኪሞላ። ቢጮኹ ወፎቹ አይበሩም፤ ጀርባቸውን አዙረው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እሱን እንደገና ለማየት የሚጮህ ልጅ ካለ ንገሪኝና ሥራዬን እለቃለሁ። ፊደሎቹ ወርደዋል። ዓሣውም ታርሟል፤ አፍሬያለሁ።

ድምፅ ላልሽው ደግሞ ያልጠበቅሽው ነገር ሠርቼልሻለሁ። በቅድሚያ አልነግርሽም። ዝም ብለሽ ከልጆቹ ጋር ክፈቺው።

ሚጣ


ኅዳር 9

ሚጣ፣

ከልጆቹ ጋር ክፈቺው አልሽኝ፤ ከፈትኩት።

ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ተነስታ «ለ»ን ነካች። የኔ ድምፅ ከሰሌዳው ውስጥ «ለ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ «ቲቸር ዳነች!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ሁለቱ ሮጠው እግሬን አቀፉ። «በይ አሁን አውሪ» አሉኝ። «ስሜን ጥሪ» አለችኝ አንዷ።

አልዳንኩም ብዬ እንዳልጽፍላቸው ማንበብ ገና አልቻሉም። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። አላመኑኝም። በየረድፉ እየዞርኩ፣ ለእያንዳንዳቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነቀነቅኩ። አርባ ሰባት ጊዜ።

ከየት እንዳመጣሽው ገብቶኛል። ሦስት ዓመት የላክሁልሽን የድምፅ መልእክት ቆራርጠሽ ነው። ከ«ለምን አትደውዪም» «ለ»ን፣ ከ«በልተሻል ወይ» «በ»ን። በጎ አስበሽ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስሚኝ፤ ድምፄ ሄዷል፣ እኔ ግን አልሄድኩም። እኔ በሁለት እግሬ ቆሜ እያለሁ ከግድግዳ ውስጥ የምትናገር ሌላ እኔ አታቁሚብኝ። ዛሬውኑ አጥፊው።


ኅዳር 10

እትዬ፣

አጥፍቼዋለሁ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ በአሥር ደቂቃ ውስጥ። ይቅርታ። ይቅርታ የምትለው ቃል ትንሽ ሆናብኛለች፤ ያለኝ ግን እሷው ናት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም ያልመጣሁት። ፈቃድም አልጠየቅሁም፤ ዋሸሁሽ። ፈርቼ ነው። በሩን ከፍተሽልኝ ዝም ብለሽ ስትቆሚ ታየኝና እግሬ ተያዘ። በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ የድሮ መልእክቶችሽን እየከፈትኩ እሰማ ነበር፤ ስትቆጪኝ፣ ስትስቂ። እነሱን እየቆረጥኩ ወደ ሰሌዳሽ ሳስገባ የጠፋው የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ለልጆቹ የሠራሁት መሰለኝ እንጂ ለራሴ ነበር። ከሰሌዳው አጥፍቼዋለሁ። ከስልኬ ግን አላጠፋሁም፤ እሱን አትጠይቂኝ።

በቦታው ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር ቀይ ነጥብ አድርጌያለሁ። ነጥቡ ሲነካ ድምፅ ይቀዳል፤ ፊደሉ ሲነካ የተቀዳው ይሰማል። በማን ድምፅ እንደምትሞዪው አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ከእንግዲህ ሳልጠይቅሽ አልወስንም።

ሚጣሽ


ኅዳር 28

ሚጣዬ፣

ይቅር ብዬሻለሁ፤ ያውም ደብዳቤሽን ሳልጨርስ። ስለ መፍራትሽ ደግሞ፣ እኔስ አልፈራሁም መሰለሽ? ልዩነታችን፣ እኔን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚጠብቁኝ አርባ ሰባት ልጆች መኖራቸው ነው። ለፍርሃቴ የምቀመጥበት ጊዜ አጣሁለት።

ቀይ ነጥቡን ማን እንደሞላው ልንገርሽ። እነሱ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ፊደል ሰጠሁት፤ ሠላሳ ሦስቱን የፊደል ዘሮች ለአርባ ሰባት ሳካፍል አንዱን ዘር ለሁለት የተካፈሉ አሉ። የአንደኛ «ሀ»ው መምህር በእረፍት ሰዓት እየመጣ የየፊደሉን ድምፅ አለማመዳቸው። ሰሌዳው ፊት ቆመው ሲቀዱ ብታዪ! ጉሮሮ መጥረግ፣ ኮሌታ ማስተካከል፤ ዜና የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። አንዱ «ረ» ሲል «ለ» ይሆንበታል። የደረሰው ደግሞ «ረ» ነበር። ሌሎቹ «እሱ ይቅር፣ ያበላሽብናል» አሉ። ፊደል ተሳስቶ እንዲሰማ አልፈቅድም፤ ልጁ እንዲቀርም አልፈቅድም። «ቀ»ን ሰጠሁት። ሚጣዬ፣ እንዴት ያለ «ቀ» መሰለሽ! ደረቅ እንጨት ሲሰበር ነው የሚመስለው። አሁን ሁሉም የሱን «ቀ» ለመስማት ይሰለፋሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው። የጓደኛቸውን ድምፅ ለመስማት ሲሉ ራሳቸው ዝም ይላሉ። ወፎችሽም ዛፉን ሞልተውታል።

የኮሚቴው ቀን ተቆርጧል፤ ጥር 6። ሌላም ወሬ አለ፤ እሱን ግን ካለፈ በኋላ እነግርሻለሁ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 2

እትዬ፣

«ካለፈ በኋላ» የምትዪውን ነገር አልወደውም፤ ባለፈው ካለፈ በኋላ የነገርሽኝ ምን እንደነበር እናውቃለን። ግን አልጨቀጭቅሽም። አንድ ነገር ብቻ፤ ገጹ አንዴ ከተከፈተ ኔትወርክ ቢጠፋም እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። ጥር 6 ጠዋት ቀድመሽ ግቢና አንዴ ክፈቺው። ባለሙያ ሰው መሣሪያውን ሳያይ ሥራ አይጀምርም፤ ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ እርሳሴን ሳልቀርፅ ፈተና ልገባ ስል።

በዚያን ዕለት ማታውኑ ጻፊልኝ። ሁለት መስመር ይበቃኛል።

ሚጣ


ጥር 7

ሚጣዬ፣

ሁለት መስመር አልበቃኝምና ትናንት ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። ደክሞኝም ነበር፤ አሁን ማለት እችላለሁ።

መጀመሪያ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ከወላጆቹ አንዱ፣ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፣ «ልጄን ዱዳ አያስተምራትም» ብሎ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ልጁ ከፊት የምትቀመጠዋ ናት፤ «ለ»ን የነካችው። ቀኑ ወደ ጥር መጀመሪያ የተሳበው፣ ኮሚቴውም የጠነከረው በሱ ማመልከቻ ነው። ሰውየው ራሱ የወላጆች ተወካይ ሆኖ መጣ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት መነጽር ያደረጉ አንዲት ሴትዮ፣ ከነሱ ጋር አቶ ይታሰብበታል፤ ሦስቱም ከኋላ፣ በልጆች ወንበር፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ መጥቶ ተቀመጡ።

ሰሌዳው አላሳፈረንም። ፊደሉ ተጎተተ፣ ሳጥኑ ተዘጋ፣ የልጆቹ ድምፅ አንድ በአንድ ወጣ። አቶ ይታሰብበታል ፈገግ ማለት ጀመረ። በመሃል ሴትዮዋ እጃቸውን አነሱ።

«ጥሩ ነው። ግን ይህ ሰሌዳ ቢበላሽ ምን ያደርጋሉ? እኛ የመጣነው ሰሌዳውን ልንገመግም ሳይሆን እርስዎን ነው።»

ርእሰ መምህሩ «እሱ ይታሰብበታል...» ማለት ሲጀምር እኔ ሄጄ ሰሌዳውን አጠፋሁት።

ጥቁር ሆኖ ሲቀር ልጆቹ ወደኔ ዞሩ። ጠመኔ አንሥቼ በአሮጌው ሰሌዳ ላይ «ውሃ ቀዳ» ብዬ ጻፍኩ። መዳፌን ከፈትኩ፤ ይህ «አብራችሁ አንብቡ» ነው። አነበቡ። «ዳ»ን ደምስሼ «ደ» አደረግኩት። «ውሃ ቀደ» ብለው ሳቁ፤ የ«ቀ»ው ልጅ ሳይጠራ ተነስቶ መጥቶ አረመው። አንዱ ሲሳሳት አጠገቡ ያለው በክርኑ ይነካዋል። ሁለት ጣት ሳነሳ ጥንድ ጥንድ ሆኑ። ሠላሳ ደቂቃ እንዲህ ሄድን። ክፍሉ ውስጥ ከልጆቹ ድምፅና ከጠመኔዬ በቀር ምንም አልነበረም።

ሲያልቅ መካኒኩ ልጁን ጠራት።

«የምትልሽ ይገባሻል?»

«አዎ።»

«ሳትናገር እንዴት ይገባሻል?»

ልጅቷ አባቷን እንደ ሞኝ ነው ያየችው። «ድሮ ሰልፍ ላይ ስትጮህ እያወራሁም ይሰማኝ ነበር። አሁን ካላየኋት ያመልጠኛል» አለችው።

ሰውየው ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ዱዳ ብዬ የጻፍኩትን ሰምተሻል መሰለኝ» አለኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። «አላውቅሽም ነበር» አለ። ከዚህ በላይ አልወጣውም፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጠበቅሁም።

ውሳኔው በሁለት ሳምንት ይመጣል ተብሏል። ቢመጣም ባይመጣም፣ ሰኞ እገባለሁ።

እህትሽ


ጥር 11

እትዬ፣

«ሰሌዳውን አጠፋሁት» የሚለው ላይ ስደርስ አውቶቡስ ውስጥ ብድግ ብዬ ቆምኩ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹልኝ። ሦስት ወር ሙሉ የለፋሁበትን ሰሌዳ በጣትሽ ስታጠፊው እንዲህ ደስ ይለኛል ብሎ ማን ያስባል?

አሁን ልጠይቅሽ፤ ሳልጠይቅሽ አልወስንም ብያለሁና። የሠራነውን በሙሉ ለማንኛውም አስተማሪ ልክፈተው? ወፎቹን፣ ባቄላውን፣ ቀይ ነጥቡን። የልጆችሽ ድምፅ ከሰሌዳችሁ አይወጣም፤ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ልጆች ድምፅ ይሙላው። ጓደኞቼ ለሦስት አስተማሪዎች አሳይተው ነበር። አንዷ «ልጆቼ ቁመታቸው እንደሚያጥር ማን ነገራችሁ?» ብላ ጻፈች። አንዲት አስተማሪ አልናት።

ሌላው ጥያቄዬ... ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አሁን የእውነት። የካቲት መጀመሪያ አምስት ቀን ሰጥተውኛል። ግን እትዬ፣ ስመጣ ምን እላለሁ? አንቺ ካልመለስሽልኝ እኔ እንዴት ነው የማወራው? እየተለማመድኩ ነው፤ ሁሉም ቃል ጅል ይመስለኛል።

ሚጣ


ጥር 27

ሚጣዬ፣

ውሳኔው መጥቷል። ሙሉውን አልሰጡኝም፤ የከለከሉኝም አይደለም። አንደኛ «ለ» እስከ ዓመቱ መጨረሻ የኔ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የአንደኛ «ሀ»ው መምህር መጥቶ ታሪክ ያነብላቸዋል፤ እኔ በዚያ ሰዓት የሱን ልጆች ቁጥር አስተምራለሁ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይገመግሙኛል። ይምጡ። ወንበሩ ያው አጭር ነው።

ክፈቺው፤ ለሁሉም ክፈቺው። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ፤ ስምሽን አስመዝግቢ፣ ይህን ሙዪ፣ ያንን ተጫኚ የሚል ነገር በሩ ላይ አታቁሚ። አስተማሪ ልጆች ተቀምጠው እየጠበቋት ፎርም አትሞላም።

ስለ መምጣትሽ። ምንም አትለማመጂ። ሐሙስ ጠዋት ከአውቶቡስ ስትወርጂ ቤት አልጠብቅሽም፤ ትምህርት አለኝ። ሻንጣሽን ዘበኛው ጋ አስቀምጪና ቀጥታ ክፍል ግቢ። በሩ ላይ ቆመሽ አታልቅሺ፣ ልጆቹ ይደነግጣሉ። ከኋላ ተቀመጪ። ይጠይቁሻል፤ ስንት ዓመትሽ ነው ይሉሻል፣ እንዳትዋሺ። በእጄ የምለው ካልገባሽ ከጎንሽ ያለውን ልጅ ጠይቂው፤ ሁሉም አስተርጓሚዎች ናቸው፣ አንዳንዴ እኔ ያላልኩትንም ይጨምራሉ። እነሱ ለመልመድ ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ላንቺ ሁለት ይበቃሻል። የቀሩትን ሦስት ቀናት እናወራለን።

እህትሽ